ከመስኮቱ ፊት

ለዚህ የአናጢ ቤት ሕግ ያወጡለት የሽማግሌው አያትና አባት ነበሩ። አያትየው ሚስማር የሚታይበት ሥራ በበሩ እንዳይወጣ አዘዙ፤ አባትየው ደግሞ በሥራ ጠረጴዛና በመስኮት መካከል ምንም ነገር እንዳይቆም ደነገጉ፤ አናጢው በብርሃን ያላየውን ጭረት ደንበኛ ያየዋልና። ሁለቱም በሳል ሞቱ። ስለ ሳል ያወጡት ሕግ አልነበረም።

ሽማግሌው የባለ ጎማውን የእንጨት መቆሚያ የመጨረሻ እግር በመዶሻ እየመቱ ያስገባሉ። ልጃቸው አቧራ ስቦ የሚያጣራውን ቬንቲሌተር አቅፎ ይጠብቃል።

"አባባ፣ በብሎን ብናስረው እኮ እስካሁን አልቆ ነበር። የሚቀመጥበት ቬንቲሌተር እንጂ ንጉሥ አይደለም።"

"አንተ መሐንዲስ፣ አፍህን ትተህ በእጅህ ያዝ! ጎማ ያለው ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ የከረመ ብሎን ደግሞ ይላላል።"

በመስኮቱ አጠገብ የመዝጊያ ሳንቃ በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልሰው ታላቅ እህቱ፣ አፏ ላይ ያሰረችውን ሻሽ ዝቅ አድርጋ ሳቀች።

"ለእኔ ሠርግ እንኳ እንዲህ አልተጨነቃችሁም።"

ሳቋን ሳል ቆረጠው። ሳሉ ከያዛት ሰንብቷል፤ ሐኪሙም ከአቧራ እንድትርቅ አስጠንቅቋታል። ይሁን እንጂ እንደ እርሷ እጁ የለሰለሰ በቤቱ አልነበረም፤ መዝጊያዎቹን ደግሞ ደንበኛው በማግስቱ ሊረከብ ቀጥሯል። ቬንቲሌተሩ የተገዛውም፣ መቆሚያው የሚሠራውም ለእርሷ ሳንባ ሲባል ነው።

መቆሚያው በአራት ጎማዎቹ ሲቆም ቬንቲሌተሩን ጫኑበት። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ሲገፉት ልጁ መንገድ ዘጋባቸው።

"ወዴት ነው አባባ? ከመስኮቱ ፊት ሊያቆሙት?"

"እንዴታ! አቧራው ከፊቷ እየራቀ ይሳብ እንጂ።"

"ብርሃኑስ? አያቴ ያሉትን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? በጥላ ተለስልሶ ጭረት ቢቀርበት ሥራው ተመላሽ ነው። ከኋላዋ ይቁም። መሳብ እንደሆነ ከየትም ይስባል።"

ሽማግሌው አፋቸው ተያዘ። በአባታቸው ቃል ላይ ቃል ጨምረው አያውቁም። እጃቸውን ከመቆሚያው አነሡና ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ብርሃን ይሻለኛል አባባ። ብቻ ቶሎ እንጨርስ።"

መቆሚያው ከጀርባዋ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ነጩ ማጣሪያ እንደ ቆዳ ጠይሟል። ልጁ በጣቱ ነክቶ ለአባቱ አሳየ።

"አዩልኝ አባባ? ይሄ ሁሉ የእትዬ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ነበር!"

ሽማግሌው የሚያዩት ማጣሪያውን አልነበረም። ጠዋት አቧራው የሚያርፈው ጭኗ ላይ ነበር፤ አሁን ግን ቅንድቧም፣ ሽፋሽፍቷም፣ ሻሿም የእንጨት መልክ ይዘዋል። ጀርባዋ ንጹሕ ነው። ቬንቲሌተሩ አቧራውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በፊቷ በኩል ወደ ራሱ ሲስብ ውሏል።

"ተነሺ! ተነሺ ልጄ!"

ልትነሣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሳሉ ትንፋሽ ነሣት። ወንድሟ ሻሹን ሲፈታላት ውስጡ ደም ነበር።

አዝሏት ወደ ሐኪም ቤት ወጣ።

ተመልሶ የመጣው ብቻውን ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሡም።

"የት ጣልካት?"

"አስተኝተዋታል። አየር አፍንጫዋ ላይ አድርገውላታል።"

"ምን አሉ?"

"ካሁን በኋላ እዚህ ቤት እንዳትገባ አሉ። የተጎዳው አይመለስም፣ የቀረውን አትርፉላት ነው ያሉት።"

በግማሽ የለሰለሰው ሳንቃ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተጋደመ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ የጎማዎቹን ማቆሚያ አላቀቀና መቆሚያውን በጠረጴዛው ዙሪያ ገፋው። ከመስኮቱ ፊት ሲያቆመው የቀረው ብርሃን ከሳንቃው ላይ ጠፋ። ቬንቲሌተሩን አስነሣ፤ በእህቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ብርጭቆ ወረቀቱንም አነሣ።

"አባባ።"

"አቤት።"

"የአያቴን ቃል ጠቅሼ አፍዎን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"