ቀይ ነጥብ ያለባት ብርጭቆ

«ሀጀር፣ ያቺን ብርጭቆ ማን አወጣት?»

እናቷ የጠየቀቻት በሹክሹክታ ነው። የእድሩ ሴቶች ብርጭቆ አልበቃ ሲላቸው ጓዳ ገብተው ያገኙትን ሁሉ ወደ ድንኳኑ አውጥተዋል። ከሥሯ ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባችው ብርጭቆም አብራ ወጥታ፣ አሁን ጎረቤታቸው እትዬ ሰልዋ እጅ ላይ ናት። እሳቸው ምኑንም ሳያውቁ ሻያቸውን ፉት እያሉ ስለ ሟቿ ሐሚዳ ደግነት ያወራሉ።

ነጥቧን የቀባችው ሀጀር ናት። እህቷ ሐሚዳ የጡት ካንሰር እንዳለባት የታወቀ ሰሞን «ልጆች አሉ፣ ዕቃ አይቀላቀል» ብላ ለየችላት። ጥንቃቄ መስሏት ነበር፤ ጭካኔ ነው ያላት ሰው አልነበረም። ሐሚዳ ብርጭቆዋን ገልብጣ አየችና ሳቀች።

«ለኔ ብቻ ምልክት! ሹመት ነው እኮ።»

ከዚያ ወዲያ ግን ገበታ አልቀረበችም። ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን በላች፣ ዕቃዋን ራሷ አጠበች፣ ለሕክምናም ከሲኤምሲ በሚኒባስ ብቻዋን ተመላለሰች። የሐኪም ቤቱ ነርስ ሀጀርን «ይሄ በሽታ በዕቃ አይተላለፍም» ያለቻት በመጨረሻው ወር ነው። ሀጀር አፍራ ለእናቷ እንኳ አልነገረችም፤ ነጥቧም ሳትፋቅ ቀረች።

ዛሬ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ድንኳኑ ሊፈርስ፣ ሰዉ ሊበተን ነው። ሀጀር ሰዉ ሲሄድ ብቻዋን መቅረቷን ፈርታለች። ትናንት ገላዋን ስትታጠብ ግራ ብብቷ ሥር ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር አገኘች። ጠፍታ እንደሆነ ብላ በሻርፗ ሥር ደጋግማ ነካካቻት። አልጠፋችም። ሐሚዳንም የጀመራት እንዲሁ ነበር።

እትዬ ሰልዋ ጨርሰው ብርጭቆዋን አቀበሏት። «አላህ ይዘንላት። እናት እያላት፣ እህት እያላት ነው የሄደችው። ብቻዋን አልነበረችም» አሉ።

ሀጀር ጓዳ ስትገባ እናቷ ተከትላት እጇን ዘረጋች።

«አምጪ፣ ልጣላት።»

«አትጣያት እማ። በእሷ ቅጂልኝ።»

«አብደሻል? በእሷማ አትጠጪም!»

ሀጀር የእናቷን እጅ ይዛ በሻርፗ ሥር ወደ ብብቷ ወሰደችው። ጣቶቹ ፈለጉ፣ አገኙ፣ ቆሙ። ከድንኳኑ የዱዓ ድምፅ ይሰማል፤ ሰዉ አሚን ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትናንት ነው ያገኘኋት። እማ፣ እንደ ሐሚዳ ብቻዬን አልችለውም።»

እናቷ ፔርሙሱን አንስታ በቀይ ነጥቧ ብርጭቆ ሻይ ቀዳች። ለልጇ ከመስጠቷ በፊት «ቢስሚላህ» ብላ ራሷ ቀድማ ፉት አለችላት።