የአቶ አስናቀ ምርቃት

አቶ አስናቀ ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር ድረስ የመጡት፣ የተቀረጸ ድምፅ የምታስተካክል ሚስራ የምትባል ልጅ አለች ሲባል ሰምተው ነው። ሚስራ የምትሠራው ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶባታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ኮምፒውተሩ የሚያነብላትን እየሰማች፣ ማውስ ሳትነካ በቁልፎቹ ብቻ መሥራት ተማረች። አሁን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በድምፅ የሚነበቡ መጻሕፍትን እየቆረጠች ታስተካክላለች።

"ስ-ስክሪኑ ጠፍቷል እኮ ልጄ" አሉ አቶ አስናቀ፣ ገና ከመቀመጣቸው።

"ቢበራም ለኔ ያው ነው ጋሼ። ባትሪ እንዳይጨርስ ብዬ ነው።"

ሳቅ አሉና የመጡበትን ጉዳይ ቀስ እያሉ ነገሯት። የሚሠሩት ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ጩኸቱ ስለሚያይል ሰው የሚግባባው በእጁ ነው፤ መንተባተባቸውን ማንም ልብ አይለውም። የታላቋ ልጃቸው ሠርግ ላይ ግን ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ስማ ምርቃት ስትጠብቅ ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ከሚዜዎቹ አንዱ ሳቀ። ምርቃቱን የጨረሱላቸው ወንድማቸው ናቸው። አሁን ደግሞ የታናሿ የማህሌት ሠርግ ለመጪው እሑድ ነው።

"በ-በስልክ አሰማታለሁ። አንቺ መ-መንተባተቡን አውጪልኝ።"

የአንዲት ደቂቃ ምርቃት ለመቅረጽ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሚስራ አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም፤ ቃሉንም ቀድማ አልጨረሰችላቸውም። ሲያበቁ "ነገ ከሰዓት ይምጡ" አለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች። በአንደኛው ጆሮዋ የአቶ አስናቀ ድምፅ ይመጣል፤ በሌላው ኮምፒውተሩ ሰከንዱን ይነግራታል። የተደጋገመው ፊደል ሲጀምር አንድ ቁልፍ፣ ሲያልቅ ሌላ ቁልፍ ትጫንና በዲሊት ታጠፋዋለች። መጀመሪያ ላይ አብዝታ ቆረጠች። መልሳ ብትሰማው ሰውዬው የማይተነፍስ መሰለ። ስለዚህ ኮንትሮልና ዜድን እየተጫነች ሁሉንም መለሰችና እንደገና ጀመረች፤ በዚህኛው ዙር በየቃሉ መሀል ትንፋሹን ተወችለት። እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሰች።

ከሰዓት አቶ አስናቀ መጥተው ሰሙት። "ውለጂ፣ ክበጂ፣ ማህሌት ልጄ" ይላል የጠራ ድምፃቸው። እንደገና አሰማቻቸው።

"ሁ-ሁሉም ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ስሟን ብቻ እንደነበረ መልሽልኝ።"

"ስሟ ላይ ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"አላጠፋሽም። እኔ ከተወለደች ጀምሮ ማ-ማህሌት እያልኩ ነው የጠራኋት። አፏን ስትፈታ ስምሽ ማነው ሲሏት 'ማማሂ' አለች። እስከ ዛሬ በ-በቤታችን ማማሂ ነች። ይቺኛዋን ማህሌት አላውቃትም።"

ሚስራ ያልተነካውን ቅጂ ከፈተች፤ ስሙ ያለበትን ቦታ በጆሮዋ ፈልጋ ገለበጠችና ቦታው ላይ አስገባችው። "ማ-ማህሌት" አለ ኮምፒውተሩ በአባት ድምፅ። አቶ አስናቀ በረጅሙ ተነፈሱ።

"እሑድ አንቺም ነ-ነይ" አሏት ሲሰናበቷት።

እሑድ ከአባቷ ጋር በሚኒባስ ሄደች። ዳሱ ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ሙስሊም በመሆናቸው ለነሱ የሚሆነው ምግብ ጎረቤት ካሉት ከወይዘሮ ዘይነብ ቤት መጣላቸው። ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ ሰዉ ጸጥ አለ። ስልኩ ተከፈተ። ምርቃቱ ስሟ ላይ ሲደርስ ሚስራ ከፊት በኩል የታፈነ ለቅሶ ሰማች። ሲያልቅ እልልታው ተጀመረ፤ ወዲያው ግን ተቋረጠ።

"ሙሽራዋ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው" አሏት አባቷ በሹክሹክታ። "ከአቶ አስናቀ ጉልበት አልተነሣችም።"

"አባዬ" አለች ሙሽራዋ፣ "አንተ ራስህ መርቀኝ።"

አቶ አስናቀ "ቤ-ቤ-ቤ..." ብለው ጀመሩ። ማንም አልሳቀ፤ ማንም ቃሉን አላቀበላቸውም።

"ቤ-ቤትሽ ነው። በ-በፈለግሽ ጊዜ ነይ።"

ከበሮው ሲመታ፣ ሙሽሮቹ ተሸኝተው መኪናው ሲርቅ አቶ አስናቀ መጥተው ሚስራ አጠገብ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ሳህኑን ወደ እጇ አስጠጉላት።

"ብ-ብዪ እንጂ ልጄ፤ ቀዘቀዘብሽ።"