ከአስር ስንት መዶሻ?

እኔ ሐመልማል ነርስ ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕመም የጸናባቸውን ሰዎች አስታምማለሁ። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። የዚያን ዕለት ረቡዕ ጠዋት ግን ቁጣዬ ሊያሳብደኝ ነበር!

ጋሼ ሙነወር መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው ከሥራ ቦታቸው ጀርባ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ግድግዳ ብቻ አለ። ካንሰሩ አከርካሪያቸው ከደረሰ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አጥተዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንበር ላይ ትራስ አቅፈው ነው ያነጉት። ቅዳሜ ደግሞ የልጃቸው የሰልሳቢል ኒካህ ነው። አባት ናቸውና ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በገዛ አፋቸው "ልጄን ድሬልሃለሁ" ማለት አለባቸው። ምኞታቸው ይቺው ብቻ ናት።

"ጋሼ፣ ሕመሙ ከአስር ስንት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"እሱማ ይመስገን። ቁጥሩን ነው የጠየቅኩዎት።"

"አልሐምዱሊላህ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።"

ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል፣ ጥርሳቸውን ነክሰዋል፣ እሳቸው ግን ምስጋና! ይኸው ነው ጣጣው። የኔም ዘመዶች ጎጃም ውስጥ ያው ናቸው፤ እየሞቱም "ተመስገን" ነው የሚሉት። ሐኪሙ ያንን ይሰማና "ደህና ናቸው" ብሎ ይጽፋል።

ሐኪሙ ያዘዘላቸውን የሞርፊን ሽሮፕ አነሳሁት። ከመጣ ሳምንቱ ነው፣ ክዳኑ እንኳ አልተነካም።

"እትዬ ፋጢማ! ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ ባለቤታቸው ላይ ጮህኩ።

"እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርገው? ያደነዝዛል አሉት። የደነዘዘ ሰው ቃሉ ኒካህ ላይ አይጸናም ብሎ እኮ ነው።"

ለካ ለልጃቸው ብለው ነው የሚሰቃዩት!

"በሉ ሼኩ ጋ ይደወል፣ አሁኑኑ!" አልኩ።

እትዬ ፋጢማ ደወሉና ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረጉት። ሼኩ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ሳቅ አሉ። "ሙነወር፣ የምትለውን እስካወቅህ ድረስ ቃልህ ቃል ነው። አሁን ባለህበት ሁኔታ ስምህንም የምታስታውስ አይመስለኝም። መድኃኒትህን ውሰድ።"

እኔም አልዋሸኋቸውም። "መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ሊያፈዝዎት ይችላል፤ ዛሬውኑ እንጀምር የምለው ለዚህ ነው። እስከ ቅዳሜ ሰውነትዎ ይለምደዋል። ካልተኙ ግን ቅዳሜ ከወንበሩ ላይ ነው የሚወድቁት። እስቲ አሁን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጀርባዎ ላይ ከአስር ስንት መዶሻ ነው የሚያርፈው?"

እጃቸውን አዩት። የመዶሻ ነገር መቼም ይገባቸዋል።

"ዘጠኝ" አሉና እንባቸው ዱብ አለ። "አልሐምዱሊላህ፣ ግን ዘጠኝ ነው።"

ሽሮፑን ለክቼ አጠጣኋቸው። በየአራት ሰዓቱ እንዲጮህ ስልካቸው ላይ ደወል ሞላሁ፤ ሕመሙ ሲመጣ ሳይሆን ሳይመጣ ነው የሚወሰደው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ "ስንት መዶሻ?" አልኳቸው።

"አራት።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ከእትዬ ፋጢማ ጋር ሆነን ቀስ አድርገን በጎናቸው አስተኛናቸው። በጉልበታቸው መሃል የታጠፈ ጋቢ፣ ከጀርባቸው ትራስ አደረግን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎናቸው ፍራሽ ነካ።

ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቶቹ መዶሻ ቋ! ቋ! ቋ! ነደደኝ። ዘልዬ ወጣሁ።

"እናንተ ሰዎች! ሰው ሊተኛ አይደለም እንዴ? ትንሽ አታዝኑም?"

ጎረቤታቸው ጋሼ ቦጋለ ቀና አሉ። "ሙነወር? ሙነወር ሊተኛ ነው? እውነትሽን ነው?" እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ተራው በሙሉ ቀጥ አለ። ምን አለሽ ተራ በጠራራ ፀሐይ ጸጥ! ኮራሁ፣ አልዋሽም።

ስመለስ ጋሼ ሙነወር ዓይናቸው ፈጧል፣ ሊነሱ ይታገላሉ።

"ማነው የሞተው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! እርስዎ እንዲተኙ ብዬ ነው ዝም ያሰኘኋቸው።"

"ይሄ ተራ ዝም የሚለው ሬሳ ሲያልፍ ብቻ ነው።" ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። "አርባ ዓመት ሙሉ ምሳዬን በልቼ በዚህ ድምፅ ነው ሸለብ የማደርገው። አሁን የኔን ሬሳ የሚጠብቁ መሰለኝ።"

ወይኔ ጅሏ! የሆስፒታሉን ጸጥታ ተሸክሜ መጥቼ ሰውየውን በቁማቸው ልቀብራቸው! አንድ እግር ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ።

"ምቱ! ጋሼ ቦጋለ፣ ምቱ!"

"አሁን አይደል እንዴ ዝም በሉ ያልሽን?"

"ጅል ሆኜ ነው! ምቱ ብያለሁ!"

ሳቃቸውን ለቀቁትና ቆርቆሮውን አንዴ ቋ አደረጉት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያም ማዶ ያለው፣ ተራው በሙሉ ተቀበላቸው።

ገብቼ ሳይ ጋሼ ሙነወር ጋቢው ላይ በጣታቸው ምቱን ይከተላሉ። "ይሄ ቦጋለ ነው" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ዛሬም ጠርዙን እያጣመመው ነው።" ጣታቸው ዘገየ፣ ከዚያ ቆመ። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ ደህና ነው። ከዚያ አንኮራፉ! እትዬ ፋጢማ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል? ደወሉ እስኪጮህ ድረስ ተኙ፣ ሽሮፑን ጠጡ፣ ደግመው ተኙ።

ቅዳሜ ጋሼ ቦጋለ በር ላይ መጥተው፣ "ለኒካሁ ዝም እንበል?" ብለው ጠየቁ።

"ይምቱ!" አሉ ጋሼ ሙነወር ከውስጥ።

የሙሽራውን የአሚርን እጅ ይዘው፣ ከሼኩ ፊት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "ልጄን ሰልሳቢልን ድሬልሃለሁ" አሉ። መዶሻው ሁሉ እየወረደ እንኳ ድምፃቸው በር ላይ ለቆምነው ተሰማን። እልልታው ቤቱን ሞላው፤ ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ!

ሰልሳቢል ከጓዳ ወጥታ አባቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። እኔም ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ "ጋሼ፣ ስንት መዶሻ?" አልኳቸው።

የልጃቸውን ራስ እየዳበሱ፣ "ሁለት" አሉኝ። ከዚያ ሳቅ አሉና "አልሐምዱሊላህ" ብለው ጨመሩበት።

ይህኛውን አመንኩት።