ከመቂ በኋላ የሚጠፋው ድምፅ

አዳማ ውስጥ የመኪና ቴፕና አምፕሊፋየር ገጣሚ ሞልቷል። የሁንዴን እጅ የሚስተካከል ግን የለም ይባል ነበር፤ ይህን አጥብቀው ከሚሉት አንዱ ደግሞ ራሱ ሁንዴ ነበር። ቢልም አይፈረድበትም። ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት ቆይቷል። ባለመኪናው «ቤዙ ይንጫጫል» ብሎ ሲመጣ፣ ሁንዴ እጁን ኪሱ እንደከተተ አንድ ዘፈን ያዳምጥና «ሳጥኑ ተሰንጥቋል» ወይም «ድምፁን ከልኩ በላይ ለቀውታል» ይላል። ብዙ ጊዜ አይስትም። ከእጁ የወጣ መኪና ለዚያው ብልሽት ተመልሶ አይመጣም ነበር።

የኦቦ ጃዕፈር ፒክአፕ ግን ተመለሰች። ያውም ሦስት ጊዜ።

ኦቦ ጃዕፈር የቡልቡላ ሰው ናቸው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ይነግዳሉ። የልጃቸው የሃፍሳ ሠርግ ቀን ሲቆረጥ፣ ደብል ጋቢና ፒክአፓቸው ከአጀቡ ፊት እየመራች ሙዚቃ እንድታሰማ አማራቸውና ሥራውን ለሁንዴ ሰጡት። ሁንዴ አምፑ የሚባለውን አምፕሊፋየር ከፊተኛው ወንበር ሥር አሰረው። ቤዙን፣ ማለትም ሁለት ትልልቅ እስፒከሮች የያዘውን ሳጥን፣ ከኋላው ወንበር መደገፊያ ጀርባ ሸጎጠው። ሲከፍተው ከበሮው ደረት ላይ ያርፋል፤ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ከላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ኦቦ ጃዕፈር «ማሻአላህ!» ብለው ጨበጡትና ሄዱ።

በማግስቱ ደወሉለት።

«ሁንዴ፣ ይቺ ነገር መቂን እንዳለፍን ድምጿ ጠፋ። ቡልቡላ እስክንደርስ ትንፍሽ አላለችም።»

«መብራቱስ? አምፑ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት?»

«ቀይ።»

ቀይ ማለት አምፑ አንድ አደጋ አይቶ ራሱን ዘግቷል ማለት ነው። ሁንዴ መኪናዋን አስመጣት። ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረችውን የኔጋቲቭ ሽቦ ፈታ፣ ሥሯ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መልሶ አጠበቃት። ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያስጮኻት ዋለ። የጎረቤቱ የመድኃኒት ቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ እንጂ መብራቷ ከአረንጓዴ ንቅንቅ አላለችም። «በቃ፣ ተስተካክላለች» ብሎ ሸኛቸው።

ከመቂ በኋላ ጠፋች።

በሁለተኛው ጊዜ ዋናውን የባትሪ ገመድ ወፍራም በሆነ ቀየረው፣ ፊውዙን አዲስ አደረገው፣ ዲናሞው ባትሪውን በደንብ መሙላቱን በቴስተር ለካ። ሁሉም ደህና ነው። ከመቂ በኋላ ግን ጠፋች። በሦስተኛው ጊዜ ተናደደና ከራሱ መኪና ላይ አምፑን ነቅሎ ገጠመላቸው። አራት ዓመት የሠራ፣ አንድ ቀን ያላሳፈረው አምፕ ነው። እሱም ከመቂ በኋላ ጠፋ።

«መቂ ላይ ጂኒ ሳይኖር አይቀርም» አሉት የኦቦ ጃዕፈር ባለቤት አዴ ቢሊሴ በስልክ። እየቀለዱ ነበር። ሁንዴ ግን አልሳቀም። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቀኑ ሐሙስ ሆኗል። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር አደረና፣ ሲነጋ፣ ባልና ሚስቱ ለሠርጉ ዕቃ ሊሸምቱ አዳማ ሲመጡ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ «አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አለ።

ኦቦ ጃዕፈር ያሽከረክራሉ። አዴ ቢሊሴ ከኋላ ሲቀመጡ ስለሚያስመልሳቸው ሁልጊዜ ከፊት ናቸው። ሁንዴ ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጠና ዐይኑን ከፊተኛው ወንበር ሥር ከምትበራው መብራት ላይ ተከለ። ሞጆ አለፈ፤ አረንጓዴ። ቆቃ አለፈ፤ አረንጓዴ። መቂ ሲደርሱ የአዴ ቢሊሴ ወንድም ኢተፋ ተሳፈረ። ኢተፋ መቂ ወፍጮ ቤት አለው፤ ወደ ቡልቡላ በሄዱ ቁጥር እዚያው ይጠብቃቸዋል። ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ሳቁ ከቤዙ የማይተናነስ ሰው ነው። ከሁንዴ ጎን በግራ በኩል ገብቶ ተደላደለና «አካም ጅርታ!» ብሎ በሰላምታ ትከሻውን መታው።

አምስት ደቂቃ እንኳ አልሄዱም። መኪናዋ አንድ ጉድጓድ ነካ ስታደርግ ሙዚቃው ቀጥ አለ። ቀይ።

«ያቁሙ!» አለ ሁንዴ። ሞተሩ ጠፋ። ሁሉም ወረዱ። ሁንዴ በሆዱ ተኝቶ ወንበሩ ሥር ገባ፣ ቴስተሩን አወጣ፣ ቴፑን ከፈተ። አረንጓዴ። ሙዚቃው በሜዳው ላይ ተለቀቀ፤ መንገድ ዳር ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ዞረው አዩ። ሁንዴ ገመዶቹን አንድ በአንድ ወዘወዛቸው። ምንም የለም። ተሳፈሩ። ትንሽ እንደሄዱ ቀይ። ወረዱ፤ አረንጓዴ። ተሳፈሩ፤ ቀይ።

«ስታያት ትሠራለች፣ ዘወር ስትል ትሞታለች» አለ ኢተፋ። «እንደ እኔ ሠራተኞች ናት።»

ሁንዴ ላቡን ጠረገ። በሙያው ላይ እንዲህ እጅ ያጠረው ጊዜ ትዝ አላለውም።

ቡልቡላ ሲገቡ ኦቦ ጃዕፈር ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳያስቀይሙ በሚጠነቀቅ ድምፅ ተናገሩ። «ሁንዴ፣ አትቀየመኝ። እዚህ ዘሃራ የምትባል አለች። የመስኖ ፓምፕ ነው የምትሠራው። እስቲ ብናሳያት?»

ሁንዴ ተቀየመ። ከአዳማ ድረስ መጥቶ፣ የመኪና ድምፅ በፓምፕ ሠራተኛ ሊታይ! ግን ምን ይበል? «ደስ እንዳለዎት» አለ።

የአዴ ዘሃራ የሥራ ቦታ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ደጁ ላይ ከየሽንኩርት ማሳው የመጡ ሞተሮች ተደርድረዋል፤ ገሚሶቹ ጭቃቸው ገና አልደረቀም። አዴ ዘሃራ ሃምሳ ዓመት የሆናቸው፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ቀጭን ሴት ናቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተቃጠለ ሞተር ውስጥ አዲስ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማሉ። ሁንዴ ሰላምታ ሊሰጥ ቆሞ ዐይኑ ሽቦው ላይ ቀረ። መቶ ምናምን ዙር ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ አልወጣም፣ አንዱ ከሌላው አልሸሸም። ማሽን የጠመጠመው እንጂ እጅ የነካው አይመስልም። ቅያሜው ሳያስበው ቀለል አለለት።

ዙሩን ጨርሰው ቀና አሉ። «ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉት።

«የኔጋቲቩን አሰርኩት። ፊውዙን ቀየርኩት። አምፑንም...»

«ያደረግከውን አይደለም። የሆነውን ንገረኝ።»

ሁንዴ ግራ ተጋባ። ከዚያ ግን የሆነውን ሁሉ ከአዳማ እስከ ቡልቡላ አወራላቸው። ሴትየዋ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ስትፈትሻት የት ሆና ነው?»

«ሱቄ ደጃፍ፣ ቆማ።»

«ማን ተቀምጦባት?»

«ማንም። ባዶዋን።»

አዴ ዘሃራ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተነሡ። «በሉ ሁላችሁም ግቡ። መንገድ ላይ እንደነበራችሁት፣ በየቦታችሁ።»

ገቡ። የሰፈሩ ሰው ሊያይ ተሰበሰበ። አዴ ዘሃራ በአዴ ቢሊሴ በኩል በሩን ከፍተው አጎነበሱና ወደ ቤዙ የሚሄደውን ሽቦ ከአምፑ ላይ ነቀሉት። ያረጀ ቴስተራቸውን አወጡ። አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን የመኪናው ብረት ላይ አሳረፉ።

«ሽቦው የሆነ ቦታ ብረቱን ከነካ ይሄ ይጮኻል» አሉ።

ቴስተሩ ጮኸ። ጲ... እያለ ቀጠለ።

ሁንዴ ከተቀመጠበት አንገቱን አሰገገ። በሱቁ ይህንኑ ሽቦ በዚሁ ዓይነት ቴስተር ሁለት ጊዜ ፈትሾታል፤ ያኔ ትንፍሽ አላለም።

«ጃዕፈር፣ ውረድ።» ወረዱ። ይጮኻል። «ቢሊሴ፣ አንቺም።» ይጮኻል። «አንተስ የአዳማው?» ሁንዴ ወረደ። አሁንም ይጮኻል። ብቻውን የቀረው ኢተፋ ዐይኑን አፍጥጦ ያያቸዋል።

«ውረድ አንተም።»

ኢተፋ ከወንበሩ ሲነሣ ቴስተሩ ዝም አለ።

«ተቀመጥ።» ጮኸ። «ተነሥ።» ዝም አለ።

«እኔ ነኝ እንዴ ጂኒው!» አለ ኢተፋ፣ ተሰብሳቢው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አዴ ቢሊሴ ከሳቃቸው ብዛት በሩን ተደገፉ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አዴ ዘሃራና ሁንዴ።

የኋላውን ወንበር ፈተው አነሡት። ሽቦው በወንበሩ ብረት እግር ሥር አልፏል። ከባድ ሰው በግራ በኩል ሲቀመጥበት ብረቱ ይጫነዋል፤ የብረቱ ስለታም ጠርዝም ልባሱን ቆርጦት፣ ጥፍር በምታህል ቦታ መዳቡ ተገልጧል። ሰው ሲነሣ ብረቱ ከፍ ይላል፣ ሽቦው ነፃ ይወጣል፣ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል።

አዴ ዘሃራ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይሄን ማን ዘረጋው?»

ሁንዴ ያቺን ቀን አስታወሰ። የበዓል ዋዜማ ነበር፤ ሦስት መኪና ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ሽቦው በበሩ ደፍ ላይ ባለው ፕላስቲክ ሥር ማለፍ እንዳለበት ጠፍቶት አይደለም። ፕላስቲኩን ለመንቀል ሰልችቶት በአቋራጭ ሰደደው። አሁን ጥፋቱ የወንበር ሰፊዎች ነው፣ ወንበሩን አላልተው አስረውታል ማለት ይችላል። ኦቦ ጃዕፈር ባለፈው ወር ወንበሯን አስለብሰዋታል፤ ማንም አይጠራጠርም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ቸኩዬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኦቦ ጃዕፈር።»

ኦቦ ጃዕፈር ትከሻውን ነካ አድርገው «ሰው ነህ» አሉ።

አዴ ዘሃራ ግን ፒንሳውን አንሥተው ለሁንዴ አቀበሉት። «እንግዲያው አንተው ዘርጋው። እኔ እይዝልሃለሁ።»

ጎን ለጎን ተንበረከኩ። እሳቸው ፕላስቲኩን ቀና አድርገው ሲይዙ እሱ አዲስ ሽቦ በደፉ ሥር አሳለፈ፤ ብረት በሚነካበት ሁሉ የጎማ ቱቦ አለበሰው። በዚያ መሐል ሁንዴ ሊጠይቅ የፈለገውን ጠየቀ።

«በምን አወቁት? መኪናዋን ገና ሳይነኩ ነው እኮ ያወቁት።»

«አላወቅኩም። ጠረጠርኩ እንጂ» አሉ። «መሬት ላይ ስፈትሸው የሚዞር፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀጥ የሚል ፓምፕ አሥር ጊዜ ተመልሶብኛል። ገበሬው ሊመታኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ እያለ ካላየሁት አልፈርድም። አንተ ሁሉን ቀያይረሃል፤ ያልቀየርከው ሰዎቹን ነው።»

ሁንዴ ሥራውን አቁሞ አያቸው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማራቸውን፣ ከስልክ ቪዲዮ የቃረማቸውን ነገሮች ሁሉ አሰበ። እንዲህ ብሎ ያስተማረው አልነበረም።

ሲጨርሱ ኢተፋ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ሆን ብሎ ዘለለበት። አረንጓዴ። ሁንዴ ድምፁን ሊያስተካክል ሲጎነበስ አዴ ዘሃራ አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

«ይሄን ደግሞ እኔ አላውቀውም። አሳየኝ» አሉ፣ የአምፑን ትንንሽ መዞሪያዎች እያመለከቱ።

ሁንዴ ከዚያ ቀን በፊት የሙያውን ምስጢር ለማንም ገልጦ አያውቅም ነበር። ለእሳቸው ግን ሳይሰስት አሳያቸው። ይህች መዞሪያ ድምፅ መጨመሪያ ብትመስልም ዋና ሥራዋ አምፑን ከቴፑ ጋር ማስማማት እንደሆነ፣ ያለልክ ሲለቋት ድምፁ እንደሚሻክርና እስፒከሩን እንደምታቃጥል፣ ያቺኛዋ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ከልክላ ወፍራሙን ብቻ ወደ ቤዙ እንደምታሳልፍ ነገራቸው። አዴ ዘሃራ መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳርፈው አዳመጡ።

«አሁን ሻከረ» አሉ ድንገት።

ሁንዴ ገና አልሰማውም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሰማው። መዞሪያዋን ወደ ኋላ መለሳት። «አሁንስ?»

«አሁን ጠራ። ሞተርም ሊቃጠል ሲል እንዲህ በእጅ ላይ ይሻክራል።»

እሑድ ፒክአፗ በቡልቡላ መንገድ አጀቡን መራች። ከኋላ በግራ በኩል ኢተፋ ተቀምጦ፣ ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቶ ትከሻውን ያንቀጠቅጣል። ሙሽሪት ሃፍሳ ቤዙ ሲመታ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። ሁንዴ እንደ እንግዳ ተጠርቶ ነበር፤ ግን ከምግቡ ይልቅ ከአዴ ዘሃራ ጋር ስለ ሽቦ ሲያወራ ዋለ።

ወር ሳይሞላ አዴ ዘሃራ የመዳብ ሽቦ ሊገዙ አዳማ መጡና ጠይቀው ሱቁን አገኙት። ሁንዴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ሁለት የሙያ ጓደኞቹ እዚያው ነበሩ፤ እጅግ የሚያከብሩት፣ ምክሩን የሚጠብቁ ሰዎች።

«ተዋወቋቸው» አላቸው። «እኔን ያረሙኝ ሴት ናቸው።»

«ኧረ ተው፣ አንድ ወንበር ነው ያነሣነው» አሉ አዴ ዘሃራ። ሻይ ታዞ ሳይመጣ ግን ደጃፍ የቆመች አንዲት ሚኒባስ ዐይናቸውን ሳበችው፤ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ እስፒከሯ እንደ ወባ ትንኝ ጥዝዝ ሲል ሰምተዋል። ፌስታላቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ወደ ሾፌሩ ሄዱ።

«ልጄ፣ ይሄ ድምፅ ሲጀምርህ ምን እያደረግክ ነበር?» ብለው ጠየቁት። ሁንዴም ቴስተሩን ይዞ ከኋላቸው ወጣና፣ ሾፌሩ የሚለውን ሊሰማ አጠገባቸው ቆመ።