ሲጠሯት የምትነሳው መኪና

ተሳቢ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ሲነዳ ግን ያ ስም በየአቀበቱ እየተንጠባጠበ አለቀና ይሄኛው ቀረ። የለም፣ ስሙ ከመኪናው ሳይሆን ከወሬው ነው የመጣው የሚሉም አሉ። አንድ ወሬ ሲያስነሳ ከኋላው ሌላ ወሬ ታስሮ ይጎተታልና።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል ለምሳሌ። «ምን ላድርግ? በሩን ከፈትኩና እግሬን አስፋልቱ ላይ ተክዬ አቆምኳት።»

«ተረከዝህስ?»

«ተረከዝ ትላለህ እንዴ! እስከ ጉልበቴ ነው ያለቀው። ኋላ ነው ተመልሶ የበቀለው።»

ይህ ሁሉ የሚወራው ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጎሚስታ በር ላይ ነው። ከአሮጌ ካሚዮን የተነቀለ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ስፖንጁ ወጥቶ አልቋል፣ ሽቦው ቂጥ ይወጋል፣ ግን የጋቢና ወንበር ነውና ሾፌር የነበረ ሁሉ ይወደዋል። ጎማ ጠጋኙ የተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ፣ ተሳቢና ፍሬቻ ወንበሯ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነታረካሉ።

ፍሬቻ የድሮ ረዳቱ ነው። ሲናገር አንድ ዓይኑ እንደ መታጠፊያ መብራት ብልጭ ድርግም ስለሚል ነው እንዲህ የተባለው። በወጣትነቱ ከተሳቢ ጎማ ሥር ታኮ ሲከት ሲያወጣ፣ «አንቱ» እያለ ሲታዘዝ ኖረ። ራሱ መሪ የጨበጠ ዕለት «አንተ» አለው። ተሳቢም ይሄን ነገር ይቅር ሳይለው ሁለቱም ሸበቱ።

ከመንገዱ ማዶ፣ የተሳቢን ግንብ ተጠግታ፣ ነጭ የቤት መኪና ቆማለች። ልጁ ናት የገዛችለት፤ ጡረታው ቢጎመዝዘው እንድታጣፍጥለት። የፊት መከላከያዋ ተጨማዷል፣ የሾፌሩ በርም መቆለፍ ትቷል። ለምን ሲሉት፣

«ግንቡ መጣብኝ!» ይላል። «እኔ ቀስ ብዬ ስገባ፣ ግንቡ ከበስተቀኝ ቅድሚያ አለኝ ብሎ ገባ። ትራፊክ ቢኖር እሱን ነበር የሚቀጣው!»

ፍሬቻ ይሄን ወሬ ከመውደዱ የተነሳ በየሄደበት እንደ ራሱ አድርጎ ያወራዋል።

ተሳቢ የማያወራው ሌላ ነበር። ሐኪሙ ዓይኑን በመብራት አይቶ፣ ይሄ ሞራ ቢሆን እንገፍፈው ነበር፣ የደከመው ከኋላ ያለው ነርቭ ነው፣ ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ ብሎታል። ልጁም ሁለቱንም ቁልፍ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ይሄ ጉዳይ ወንበሯ ጋ የደረሰ ዕለት አበቃለት። ሾፌር ያልሆነ ተሳቢ ምንድን ነው? ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ በየደጁ ሞልቷል።

ልጁ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። የቆመ መኪና ባትሪው ይሞታልና፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከዚያው ሆና ያለ ቁልፍ በስልኳ ታስነሳዋለች፤ ትንሽ ይሠራና ታጠፋዋለች። ከዚያ በፊት ግን ለአባቷ ትደውላለች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ የኔ እመቤት።»

«ጠብታውንስ?»

«አንጠባጠብኩ።»

ስልኩ ሁልጊዜ ላውድ ላይ ነው። ጆሮዬን ሞተር አደንቁሮት ነው ይላል፤ እውነቱ ግን የስልኩ ቁልፎች ስለማይታዩት ነው። ስልኩ በተዘጋ በትንሽ ጊዜ ውስጥ መኪናዋ ከማዶ ትነሳለች፤ የመንገዱ ጫጫታ ስለሚውጠው ግን ከእሱ በቀር ልብ ያለው አልነበረም።

አንድ ቀን ፍሬቻ፣ «ይቺ መኪና ከቆመች ሰነበተች። አብራችሁ ነው እንዴ ጡረታ የወጣችሁት?» አለው። ተሳቢ ገና ከልጁ ጋር አውርቶ ስልኩን ኪሱ መክተቱ ነበር። ሰይጣን ጆሮው ውስጥ ሳቀ።

«የሚጠራት አጥታ ነው» አለና ብድግ ብሎ ወደ ማዶ ጮኸ፦ «አንቺ! ተነሽ!»

መኪናዋ ተነሳች።

ጎማ ጠጋኙ ከመነዳሪውን ከእጁ ለቀቀ። ፍሬቻ ዓይኑ መብለጭለጩን ትቶ ፈጠጠ። ተሳቢ እንደ ጳጳስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህማ ወሬው ተሳቢ ብቻ ሳይሆን የተሳቢ ተሳቢ አበቀለ። መኪናዋ የእሱን ድምፅ ብቻ ትለያለች። ጉንፋን ይዞት የጠራት ቀን ሳል ሳል ብላ ነው የተነሳችው። ጎማ ጠጋኙ «ጋሼ፣ እኔ ብጠራትስ?» ቢለው፣ «ባለትዳር ናት፣ ተዋት!» አለው። ልጁ የደወለች ቀን ሁሉ ተሳቢ መኪናዋን ይጠራታል፤ ትነሳለች፤ ወንበሯ ላይ ሳቅ ይሆናል። ተሳቢም ማታ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲገባ፣ እኔ አሁንም ሾፌር ነኝ እያለ ነው።

እንዲህ እንዳለ፣ ከድሮ ሾፌሮች አንዱ፣ አብሯቸው በኮንቮይ ይጓዝ የነበረ ሰው፣ ታሞ ከከተማው ዳር ልጁ ቤት መተኛቱ ተሰማ።

«መጠየቅ አለብን» አለ ፍሬቻ። «ደግሞ ምን ችግር አለ? መኪና አለን። ጌታዬ ይጠራታል፣ ጎማ ጠጋኙም ሱቁን ይዘጋል፣ ሦስታችን እብስ ነው።»

«ዛሬ?» አለ ተሳቢ።

«ታዲያ ሲሞት?»

«ዛሬ… ጎማዋን አልወደድኩትም።»

ጎማ ጠጋኙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ጎማውማ አዲስ ነው፤ እኔው ነኝ የነፋሁት» አለ።

«ነዳጅ…»

«በየቀኑ ስትጠራት የምትነሳው በጸሎት ነው እንዴ?» ፍሬቻ ዓይኑ ብልጭ ድርግም አለ። «ወይስ መነሳት እንጂ መሄድ አላስተማርካትም?»

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። በላህ፣ በላሁ፤ አንጠባጠብክ፣ አንጠባጠብኩ። ተዘጋ። ተሳቢ ሰበብ ቢፈልግ ያን ዕለት አጥቶ አይደለም፤ ሰበብማ እንደ ጥርስ አፉ ውስጥ ተደርድሮለት ነበር። ግን ፍሬቻ ከጎኑ ቆሞ ሲስቅ ሰማው። ያ ታኮ አንሺ! ብድግ አለ።

«አንቺ! ተነሽ!»

ተነሳች። ተሳቢም መንገዱን ተሻገረ። ማንም ሳይይዘው፣ በእግሩ እየዳበሰ፣ ቦዩን ዘሎ። የሾፌሩን በር ከፍቶ ገባ።

ልብ በሉ፣ ገብቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ በቀልድ ባለፈ። ግን ሞተሩ ከሥሩ ይንቀጠቀጣል፣ መሪው መዳፉ ውስጥ ገባ፣ ወንበሩ ወገቡን አወቀው። ዓይኑ ፊት ያለው ሁሉ በሻይ ቤት መስታወት ላይ እንዳለ እንፋሎት ቢሆንም፣ እጁ መንገዱን የሚያየው መሰለው። ቀስ ብዬ ብሄድስ? አለ በልቡ። ቀጥታ እኮ ነው። አጠገባቸው ወስጄ ላቁምላቸውና ግቡ ልበላቸው። ፍሬን ረግጦ ማርሹን ያዘ።

መኪናዋ ጸጥ አለች።

ለቀቀ፣ እንደገና ረገጠ። ምንም የለም። ከማዶ ፍሬቻ፣ «ምን ሆነች?» ብሎ ጮኸ።

«ተቆጣች!» አለ ተሳቢ። ሰዎቹ መንገዱን ተሻግረው በሩ ጋ ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ! መኪናው ውስጥ ነህ?»

«ማን? እኔ?»

«በሩ ተከፈተ ብሎ ስልኬ ላይ መጣ እኮ! ቁልፍ ሳይኖር ፍሬን ሲረገጥ ራሱን ያጠፋል። ለሌባ ተብሎ ነው የተሠራው። አሁኑኑ ውረድ!»

«የኔ እመቤት፣ ሰው አለ…»

«ይኑር!» ድምፅዋ ስልኩን ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። «ሐኪሙ አታይም አላለህም? ግንቡ መጣብኝ እያልክ ሰው ታስቃለህ አሉኝ፤ ይሳቅ ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ ግን ግንቡን ተደግፋ ቆማ ነበር አባዬ! ቀሚሷ በመኪናውና በግንቡ መሃል ተይዞ፣ እሱን ቀድጄ ነው ያወጣኋት። አጠገብህ ሆና እየጮኸች እንኳ አላየሃትም። ይሄንንስ ለጓደኞችህ አውርተህላቸዋል?»

ተሳቢ ስልኩን ለመዝጋት ጣቱን ሰደደ፤ የነካው ሁሉ ሌላ ነገር ሆነበት። ከወዲያ አንዲት ሴት፣ «እህት፣ ይሄ ክኒን ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ስትል ተሰማች። «በኋላ ነው» አለች ልጁ በሌላ ድምፅ። ተዘጋ።

የሳቀ የለም። ተሳቢ ፍሬቻ እንዲስቅ ጠበቀ። ዕድሜ ልኩን ያን ሰው አፉን እንዲዘጋ ሲመኝ ኖሮ፣ አሁን አንዲት ነገር እንዲጥልበት፣ አንዲት ስድብ እንኳ፣ ጠበቀ።

«ይውረዱ» አለ ፍሬቻ። «ቀስ ይበሉ፣ ቦይ አለ።»

አንቱ አለው። ተሳቢ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መልሶ አገኛት፤ እንዲህ ሆና ከምትመጣ ምነው በቀረች።

«ግራ እግርዎን… ና… ና… አሁን ቀኝ… በቃ!» ድሮ በዝናብ ሌሊት ከተሳቢው ኋላ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ እንደሚያስጠጋው አድርጎ ከመኪናው አወጣው።

ተሳቢ ክንዱን ከእጁ መነጨቀ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ምኑን?»

«ዓይኔን!»

ፍሬቻ ጎማ ጠጋኙን አየው። «ባለፈው ክረምት። የሻዩን ብርጭቆ ጠረጴዛ ነው ብለው ገንዳው ውስጥ ሲያስቀምጡት።»

«መኪናዋንስ?»

«ጋሼ» አለ ጎማ ጠጋኙ መሬት መሬት እያየ፣ «ስልክዎ ላውድ ላይ ነዋ። ልጅዎ ስትደውል ትነሳለች፣ ሳትደውል አትነሳም። በሁለተኛው ቀን ነው የገባን።»

«እና በየቀኑ የምትስቁት?»

«ደስ ይለን ነበር» አለ ፍሬቻ። «እውነት፣ ደስ ይለን ነበር። ዛሬም ያፋጠጥኩዎት በምን ያመልጡ ይሆን ብዬ ነው። ሰበብ አያጡም ብዬ። የእውነት ይገባሉ አላልኩም።»

ያን ሁሉ ጊዜ ተሳቢ ያሞኛቸው የመሰለው ሰዎች እሱን እንደ ሕፃን ሲያጫውቱት ከርመዋል። ስንቱን ወሬ አስቦ፣ ማታ አልጋው ላይ አገላብጦ፣ ጨው ጨምሮበት ነበር ያመጣላቸው። አንዱንም አላመኑትም። የታመነው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ ሾፌር ነኝ የሚለው። ያመነውም ራሱ ነው።

በሽተኛው ግን መጠየቅ ነበረበት፤ ታክሲ አስቆሙ። ተሳቢ አልሄድም ቢል፣ ቀርቶ ምን ሊሠራ? እጁን ዘርግቶ የጋቢናውን በር ፈለገ። ሾፌር የነበረ ሰው ሌላ ቦታ አይቀመጥምና። ፍሬቻ የኋላውን በር ከፈተለትና፣ «እዚህ ይሻልዎታል፣ ሰፊ ነው» አለው። ራሱ ጋቢና ገባ። ባለታክሲው ዞር ብሎ ሳያይ፣ «የአባትን ቀበቶ እሰሩላቸው» አለ። ጎማ ጠጋኙ አሰረለት።

ብዙ ሄዱ። ከፊት ፍሬቻና ባለታክሲው ስለ ማርሽ፣ ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራሉ፤ ማንም ወደ ኋላ የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ፍሬቻ አዘነ መሰለኝ፣ አንገቱን መለስ አድርጎ፦

«ያ ትልቁ ድልድይ ፈርሶ አዲስ እየሠሩ ነው። አዩት?»

ተሳቢ ወደ መስኮቱ ዞረ። ግራጫ ነገር ያልፋል፤ ከኋላው ሌላ ግራጫ ነገር ይመጣል።

«አየሁት» አለ።

«ድልድዩ በዚህ በኩል ነው ጋሼ» ሊል ጎማ ጠጋኙ አፉን ከፍቶ ነበር። ተወው።