ወንዙ ሲወርድ የምንቆጠረው

«የገርቢ ሰዲ ቀበሌ ሕዝብ ሆይ፤ ነገ ሐሙስ ሰው ሁሉ በየቤቱ ይገኛል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አምባዬ ይህን አዋጅ ያወጁት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ባትሪው በደከመ የድምፅ ማጉያ ነው። የሰማነው አሥራ አንድ ሰዎችና አንድ አህያ ነን። አህያዋ የኔ ናት። ሰው ቤቱ እንዲገኝ አዋጅ ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት፣ መጀመሪያ አገሩን ማስረዳት አለብኝ።

ከአዳማ ተነስቶ ሶደሬን ያለፈ ሰው አስፋልቱን ትቶ ወደ አርሲ ተራሮች ቢታጠፍ፣ መጀመሪያ የሽንኩርት ማሳ ያገኛል፤ ቀጥሎ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ፤ ቀጥሎ ምንም። ምንሙን አንድ ሰዓት ከሄደበት በኋላ ደረቅ ወንዝ አለ። ወንዙን ሲሻገር እኛ ነን። ገርቢ ጥላው የሰፋ የግራር ዘመድ ነው፤ ገርቢ ሰዲ ማለትም ሦስት ገርቢ ማለት ነው። አንደኛው ዛፍ ከወደቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የቀበሌ ስም ለመቀየር ግን ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ሦስት ናቸው።

በወረዳው መዝገብ አራት መቶ አርባ ሰዎች ነን። እኔ የቦኖ ውሃ ጠባቂ ስለሆንኩ ሕዝቡን የማውቀው በጀሪካን ነው። ሰው ስለ ልጆቹ ብዛት ሊዋሽ ይችላል፤ ስለ ጀሪካኑ ግን አይዋሽም፤ የሚሸከመው ራሱ ነዋ። በጀሪካን ስንቆጠር መቶ አሥራ ሁለት ነን። የቀሩት ገሚሶቹ ወንጂ ሸንኮራ ላይ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ናቸው። ገሚሶቹ ከገርቢው ጀርባ ተቀብረዋል። አገር ለቆ ሲሄድ ወረዳ ገብቶ «ሄጃለሁ» ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው የለም። የሞተማ ጭራሽ።

በቀትር ግን እንበዛለን። ሙቀቱ ሜዳውን ውሃ ያስመስለዋል፤ በውሃው ላይ ሰዎች ይሄዳሉ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ በትር የያዙ ሽማግሌዎች፣ ከብት የሚነዱ ልጆች። ጠጋ ሲሉ ኩይሳና ጉቶ ናቸው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ጠጋ አይልም። ከሩቅ እጁን አንስቶ ሰላም ይላቸዋል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

ሌላም የምንቆጠርበት ጊዜ አለ። ኦብሴ የምትባል ሴት አለች፤ ወንድሟ ገርባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ያኔ በእኛ በኩል ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ልጆቹ የሚማሩት ወንዙን ተሻግረው ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ሲመለስ ወንዙ ወሰደው። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም፤ የዘነበው አርሲ ነው። ወንዛችን እንዲህ ነው፤ ሌላ አገር ዘንቦ እኛን ይገድላል። ከሞቱ የከፋው ደግሞ እስከ ማግስቱ ድረስ መጥፋቱን ያወቀ ሰው አለመኖሩ ነው። እናቱ አክስቱ ቤት ያደረ መሰላት፤ አክስቱ እናቱ ዘንድ ያለ መሰላት። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ሞልቶ በወረደ ቁጥር፣ ሥራ የያዘውም የተኳረፈውም ገርቢው ሥር ይመጣና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ጀማሪዋ ኦብሴ ናት። ቁጥሩ ከጎደለ ፍለጋ ይወጣል። በዚህ ቆጠራ የቀለደ ሰው አላየሁም።

አሁን ትምህርት ቤት አለን፤ ሁለት ክፍልና አንዲት አስተማሪ፣ ቲቸር ሰብለወንጌል። የኦብሴ ልጅ ጉዲቱ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ነዋሪው ከሦስት መቶ በታች የሆነ ቀበሌ ትምህርት ቤቱ ከአጎራባቹ ጋር ይዋሐዳል፤ ለማጣራትም ሐሙስ ቆጣሪ ይላካል ይላል። አጎራባቹ ከወንዙ ማዶ ነው። ቲቸር ደብዳቤውን ስታነብ ኦብሴ የጉዲቱን እጅ ይዛ ነበር። ንባቡ አለቀ፤ እሷ አልለቀቀችም።

«ሕዝቡኮ አለ» አሉ አቶ አምባዬ። «ሕዝቡ አልጎደለም። የተቀመጠበት ቦታ ነው የተበላሸው።»

እናም ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የራህመቶ አይሱዙ መጣ። ራህመቶ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እየጫነ አዳማ የሚያራግፍ ሾፌር ነው። በዚያን ቀን ሽንኩርቱን ትቶ ሰው ጫነ፤ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። የወረዱት ሁሉ የእኛው ልጆች፣ የልጆቻችን ሚስቶች፣ የልጅ ልጆች ናቸው። ፀጉራቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቋል። ፀሐይዋ ከኋላቸው ስትመታቸው ልጣጩ ወርቅ መሰለ፤ ከሰርግ የመጡ እንጂ ለቆጠራ የመጡ አይመስሉም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በትክክል ልንገራችሁ ብል እንኳ የምችል አይመስለኝም። አሥር ዓመት የተዘጉ በሮች ተከፈቱ። ጭስ ረስተው የነበሩ ጣሪያዎች ጨሱ። አንዱ ከሞጆ የመጣ ጎረምሳ የአባቱን ማጭድ ከጣሪያው ሥር፣ አባቱ በሰካበት ቦታ አገኘውና፣ ምን እንደሚያደርገው ስላላወቀ ቀኑን ሙሉ ይዞት ዞረ። ቦኖው ላይ ሰልፉ እስከ መቃብሩ ደረሰ። ጀሪካን ግን የያዘ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የላስቲክ ጠርሙስ ነው የያዘው።

ኦብሴ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰሙት?»

«ምኑን?»

«የእነ ቶላ በር። ድሮም እንዲህ ነበር የሚያቃስተው። ሌሊት ውጭ ሲወጡ እንሰማቸው ነበር።»

«ማታ ይዘጋል እኮ፣ ልጄ» አልኳት።

«አውቃለሁ። አሁን ግን ክፍት ነው።»

ቆጣሪው በሦስት ሰዓት በኪራይ ሞተር ብስክሌት ደረሰ። ማስረሻ ይባላል፤ ታብሌት ያነገበ፣ ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነው። ባለሞተሩ በአሥራ አንድ ሰዓት ሊመለስ ተስማምቶ ሄደ። አቶ አምባዬ ቆጣሪውን ይዘው ከቤት ቤት ዞሩ፤ እኔም የጠመኔ ያዥ ሆኜ በየበሩ ቁጥር እጽፋለሁ።

«ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረ ስንት ሰው ነው?» ይላል ማስረሻ።

«የሚያዩት ሁሉ» ይላሉ አምባዬ።

በእነ ቶላ ቤት አንዲት ወጣት በር ላይ ተቀምጣለች። ቤዚ ትባላለች፤ የቶላ የልጅ ልጅ ናት፣ አዳማ ውበት ሳሎን የምትሠራ። ጥፍሯ ከማንኪያ ይረዝማል። ስልኳን ወደ ሰማይ አንስታ ኔትወርክ ትፈልጋለች።

«ነዋሪ ነሽ?» አላት ማስረሻ።

«ተወልጄ ያደግኩበት ነው።»

«ውሃ ከየት ነው የምትቀጂው?»

ቤዚ ዙሪያዋን አየች። «ከ... ፍሪጅ» አለች።

«እኔ ነኝ የምሞላላት» አልኩ ፈጠን ብዬ። ውሸት አልነበረም፤ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ሞልቼላታለሁ።

ማስረሻ ጻፈ። ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከፊሎቹ አረንጓዴ ዩኒፎርም፣ ከፊሎቹ ሰማያዊ፣ የወንጂዎቹ ቡናማ።

«ዩኒፎርማችሁ ሦስት ዓይነት ነው እንዴ?» አለ።

«አገሩ ሰፊ ስለሆነ ነው» አሉት አምባዬ። ማስረሻ ወደ ሜዳው ተመለከተ። ሰፊ ነው። ጻፈ።

ኦብሴ ቤት የደረስነው ቀትር ሊሆን ሲል ነው። በርጩማ አወጣችለት፣ እርጎ በጣሳ ሰጠችው። ስንት ናችሁ ሲላት ሰባት አለች። ስም ስጪኝ አላት። ራሷን ጠራች፣ ጉዲቱን ጠራች፣ ወንጂ ያሉትን ሁለት ወንድሞቿን፣ የአንዱን ሚስትና ሕፃኗን። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ወደ ወንዙ ተመለከተች።

«ሰባተኛው?»

«ገርባ» አለች።

«ዕድሜ?»

«አሥራ አንድ።»

አምባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ የጠመኔውን ጫፍ በድንጋይ ሳልኩ። ጠመኔ አይሳልም። ማስረሻ «ትምህርት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ» አለች ኦብሴ። «ገና አልተመለሰም።»

ያንንም ጻፈ።

ከዚያ ቀትር ሆነና ሜዳው ውሃ ሆነ። ማስረሻ ከእርጎው በኋላ ዓይኑ ከበድ ብሎ ነበር፤ ቆም አለና ወደ ምሥራቅ ጠቆመ። «እነዚያ ሁለት ሴቶች ተቆጥረዋል?»

ሁለቱን ሴቶች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አንዷ ኩይሳ ናት።

«ራቅ ያሉ ናቸው» አሉ አምባዬ፤ «እርስዎ ከሚደክሙ እዚሁ ይመዝግቧቸው።»

መዘገባቸው። ከዚያ ተጠራጥሮ ዓይኑን አሻሸና ሊሰርዝ ሞከረ። «አይሰርዝም» አለ፤ «ታብሌቱ ውስጥ አንዴ የገባ ሰው አይወጣም።» ቅር ያለው አይመስልም ነበር። በሙቀቱ ውስጥ ቆሞ እጁን አነሳና ሴቶቹን ሰላም አላቸው። እኔም አነሳሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ሦስት መቶ ስድስት ደርሰናል። ሰው ሁሉ ከሁለቱ ገርቢዎች ሥር ተቀመጠ። ገርቢ ሰዲ ያንን ያህል ሰው አንድ ጥላ ሥር አይታ አታውቅም። የወንጂ ልጆች ከእኛ ልጆች ጋር ቆርኪ ይጫወታሉ። ሽማግሌዎቹ የማያውቋቸውን የልጅ ልጆች ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ኦብሴ የምትስቅበትን ጥርስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አንዱ የለም። ስለ ቆጠራ የሚያወራ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ የምናስመስለው ነገር ምን እንደነበር እኔ ራሴ ረሳሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ከብቶቹ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አየሁ። ከዚያ ነፋስ መጣ፤ የረጠበ አፈር ይሸታል። እኛ ጋ የረጠበ አፈር የለም። አርሲ ላይ ሰማዩ እንደ ምጣድ ጠቁሯል።

የራህመቶ አይሱዙ ከመንደሩ ጫፍ ካሉ ድንጋዮች ጀርባ ተደብቆ ነበር። ቆጣሪው ተመልሶ ወንዙን ሳይሻገር ጡሩንባ እንዳይነፋ ከአምባዬ ጋር ተስማምቷል። ራህመቶ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ወንዙን ግን ከቃሉ በላይ ያከብራል። ሦስት ጊዜ ነፋ።

ቤዚ ቀድማ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ አጠገቧ ያሉት፣ ከዚያ ከወዲያ ያሉት። ለክብራችን ሲሉ መጀመሪያ በእርምጃ ሄዱ። ቀጥለው ፈጠን አሉ። ቀጥለው ሮጡ። ከሞጆ የመጣው ጎረምሳ ማጭዱን እንደያዘ ነው የሮጠው፤ መኪናው ጋ ሲደርስ ትዝ አለውና ተመልሶ የአባቱ ጣሪያ ሥር ሰክቶት ሄደ። አይሱዙው አረንጓዴና ሰማያዊና ቡናማ ሆኖ፣ አቧራውን እየጎተተ ወንዙን ተሻገረ፤ ያልያዘው ሰው ከኋላው በእግሩ ተሻገረ።

ማስረሻ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል።

«ገበያ ሊደርሱ ነው» አሉ አምባዬ።

«ሐሙስ ገበያ አለ?»

«ራቅ ያለ ነው።»

ድምፁ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ከሩቅ ጭነት መኪና ዳገት የሚወጣ የሚመስል። ከዚያ ውሃው መጣ። ቡናማ ነው፤ ግንድና የሞተ ፍየል ተሸክሟል። ነጭ ጫማ ያደረገው ማስረሻ ጠዋት በደረቅ አሸዋ ላይ የተሻገረበትን ቦታ በአንድ ትንፋሽ ሞላው። ባለሞተሩ ከወዲያ ማዶ ደርሶ ቆሟል፤ ከዚህ ሲታይ ጣት ያክላል።

የእኛ ሰዎች መሰባሰብ ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም። አልጋ ላይ ያሉትን ወክለው ልጆቻቸው መጡ፤ ከብት ላይ የነበሩት ከብቱን ትተው መጡ።

«ዛሬ ይቅር» አሉ አምባዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኦብሴ፣ በናትሽ። ነገ እንቆጠራለን።»

«ወንዙ የወረደው ዛሬ ነው፣ ኦቦ አምባዬ» አለች።

«ለልጅሽ እኮ ነው የምንደክመው።»

ኦብሴ ታብሌቱን አየች። ውሃውን አየች። የጉዲቱን እጅ ይዛ ነበር። ብትቆጥር ምን እንደምትከፍል ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች። ሳትቆጥር የቀረችበት ቀን ግን አልነበረም።

«ቶኮ» አለች። አንድ ማለቷ ነው።

«ለማ» አለች ጉዲቱ፤ ሁለት።

ከዚያ አቶ አምባዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሦስት» አሉ።

ቆጠራችን ላይ ማንም በለመደው ቋንቋ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ግን ሳይሰበር ይሄዳል። ሕፃናትን እናቶቻቸው ቆጠሩላቸው። እኔ ሰባ አንድ ነበርኩ። ድምፁ እየዞረ፣ በውሃው ጩኸት መሃል እየሰመጠና እየወጣ ቀጠለ። ማስረሻ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ ጣቱ ታብሌቱ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

«መቶ አሥራ ሁለት» አለች ቲቸር ሰብለወንጌል። ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ የምንበተንበት ሰዓት ነው። ኦብሴ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ከወንዙ በዚህ በኩል ያለ ሁሉ ድምፁን ሳያሰማ አንበተንም፤ ደንቡ ይህ ነው። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ማስረሻ ዞረ።

ማስረሻ ወደ ማዶ ተመለከተ። ባለሞተሩ ተመልሶ እየሄደ ነበር። ታብሌቱን አጠፋና ተነሳ።

«መቶ አሥራ ሦስት» አለ።