የጨጓራ ፈቃድ

ባለቤቴን ገብረሚካኤልን ጨጓራው አሞት አያውቅም። ድንጋይ ቢበላ የሚፈጭ ሆድ ነበረው። ሆሳዕና ውስጥ፣ ሁለታችንም በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ግን የሱን ጨጓራ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በሽታውን የፈጠርንለት እኔና የጤና ጣቢያው ድሬሰር አክሊሉ ነን።

ነገሩ የጀመረው በመንደር ምሥረታው ዓመት ነው። ገበሬው ተበታትኖ መኖሩ ቀርቶ በረድፍ በተሠሩ ቤቶች ይሰብሰብ ተባለ። ረድፍ ለማውጣት ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሲፈለግ የተገኘው የኔ ባል ነው። ገመድና ችካል አስይዘው በየቀበሌው አዞሩት። እሱ ደግሞ የሰጡትን ሥራ በግማሽ ልብ መሥራት አያውቅበትም፤ የዘረጋው መስመር ዝንፍ አይልም ነበር። በመጨረሻ አዲሎ አጠገብ ወዳለው የአባቱ ቀበሌ ላኩት። "የአገሩ ልጅ ስለሆነ ሕዝቡ ይሰማዋል" አሉ።

ሕዝቡም ሰማው። የአባቱ ቤት ከሌሎቹ ጋር ፈረሰ፤ አዲሱ ቤት ከሜዳው ማዶ፣ ልጃቸው በተከለው ችካል ላይ ቆመ። እንሰቱ ግን እዚያው ቀረ። ያደገ እንሰት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ አይሄድም። ከጓሮ ሲርቅ ደግሞ ፍግ የሚያለብሰው፣ አውሬ የሚከላከልለት የለም። ጃርት ገባበትና እናቱ በሙሽርነቷ የተከለችውን ሳይቀር ጨረሰው። አባቱ አቶ ሽፈራው ልጃቸውን አልተቆጡትም። ሊሰናበታቸው ሲል "እጅህ ይባረክ፣ የኛ ረድፍ ከሁሉም ቀጥ ያለ ነው" አሉት። ይህን የነገረኝ ከወራት በኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነው። ምነው ተቆጥተውት፣ ምነው በከዘራ ብለውት በነበረ አልኩ።

ከዚያ ሲመለስ ጠዋት ጠዋት መነሳት አቃተው። አንዳንድ ቀን እንደምንም ይነሳል፤ ሸሚዙን ይለብሳል፤ ጫማውን ሊያስር ይጎነበስና ማሰሪያውን እንደያዘ ይቀራል። ደውሉ ይደወላል፣ እሱ እዚያው ነው። አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ መስመር ሊያሰምር ማስመሪያውን አጋደመ፤ ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ። ተማሪዎቹ ይመለሳል ብለው ሲጠብቁ እሱን ቤት ገብቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አገኘሁት።

አክሊሉን ጠራሁት። የልጃችን የክርስትና አባት ነው፣ አይደብቀኝም። አጠገቡ ተቀምጦ ብዙ አናገረውና ወደ ደጅ ይዞኝ ወጣ።

"ሮማን፣ ይሄ የመንፈስ ጭንቀት ነው። እሱን ብጽፍ ግን ነገ ልጆች ፊት አያቆሙትም።"

"ታዲያ ምን ልትጽፍ ነው?"

"ጨጓራ እላለኋ። ጨጓራ የሌለበት አስተማሪ የት አለ?"

ሳቅን። መሳቃችን ደግ አልነበረም፣ ግን ሳቅን። የመጀመሪያውን ወረቀት ለርዕሰ መምህሩ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጥቂት ሰንብቶ ይሻለውና ሥራ ይገባል፤ አንድ ሁለት ሳምንት አስተምሮ ደግሞ ይወድቃል፤ እኔም ሌላ ጨጓራ ይዤ እሄዳለሁ። ምስጋና ይግባቸውና ባልደረቦቻችን ጠያቂዎች ናቸው። አንዱ ተልባ፣ ሌላው እርጎ ይዞ ይመጣል። የቤተ መጻሕፍቷ እህተማርያም ደግሞ ግራዋ ጨምቃ አምጥታ እስኪጨልጠው ድረስ ቆማ ትጠብቀዋለች። ምን ያድርግ፣ ይጠጣል። አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ "ደህናውን ሆዴን ሊገድሉት ነው" አለኝ። በዚያ ዓመት ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ደስ ብሎኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ርዕሰ መምህሩ ጓድ ወንዳፈረው ከወደ ሰሜን የመጣ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ የዋህ ሰው ነው። አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ።

"ሮማን እህቴ፣ የፓርቲው ካድሬ ስለ ባለቤትሽ ሁለቴ ጠይቆኛል። መንደር ምሥረታ ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ነው የሚቀረው፣ ይሄ በሽታ ነው አሻጥር ነው ይላል። ሌላ ወረቀት ካመጣሽ ነገሩ ከእጄ ይወጣል።"

አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁለታችንም እናውቃለን። "ጨጓራው እኮ ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። እስከ ረቡዕ አንድ መላ እፈልግለታለሁ፤ አንቺ ብቻ ረቡዕ ይዘሽው ነይ" አለኝ።

ረቡዕ የውይይት ክበብ ቀን ነው። መምህራኑ በሙሉ ትልቁ ክፍል ውስጥ በተማሪ ዴስክ ላይ ተጣበን እንቀመጣለን፤ ካድሬው ከፊት ለብቻው ወንበር አለው። ገብረሚካኤልን ጫማውን እኔ አስሬለት ነው ይዤው የሄድኩት። ወንዳፈረው ተነሣና ፊቱ በርቶ ተናገረ። የጓድ ገብረሚካኤልን ሕመም ያባባሰው የከተማ ምግብ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ለሠራተኛው በማሰብ የዕረፍት ፈቃድ እንደሰጠው፣ አዲሎ አባቱ ዘንድ ሄዶ በአዲሱ መንደር ወተቱን እየጠጣ እንዲያገግም መወሰኑን አበሠረ። ካድሬው ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። የኛ ሰዎች ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

እኔ ግን አላጨበጨብኩም። እሱ ያወጣውን ያንን ረድፍ ጠዋት ማታ እያየ፣ አባቱ የሚሰጡትን ወተት እንዲጠጣ! ወንዳፈረው ምን ያድርግ፣ ጨጓራ ነው ያልኩት እኔ።

"እስቲ ጓድ ገብረሚካኤል አንድ ነገር ይበሉን" አለ ወንዳፈረው።

ተነሣ። ዴስኩን ሳይደገፍ ቆመ። "ጓዶች፣ አመሰግናለሁ" አለ፤ "እኔን ግን ጨጓራ አላመመኝም።" ድምፁ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የነበረው፣ ከጠፋ የሰነበተው ድምፅ ነው። "የአባቴን ቤት ከእንሰቱ የለየሁት እኔ ነኝ። የብዙ ሰው አባት ቤት ለይቻለሁ። ከጓሮው የተለየ ሰው እንደሚራብ የእንሰት አገር ልጅ ነኝና አውቅ ነበር። እያወቅሁ ገመዱን ወጠርኩ። መስመሩ ልክ ነበር፣ ሥራው ግን ልክ አልነበረም። ያመመኝ ይኸው ነው።"

በዚያ ዓመት ውስጥ ባሌን እንደዚያ ጤነኛ ሆኖ አላየሁትም፤ ኮራሁበት። ወዲያው ካድሬው የብዕሩን ክዳን ሲነቅል አየሁ።

"የትኛው ሥራ ነው ልክ ያልነበረው? ድገመው እስቲ ጓድ።"

ገብረሚካኤል ሊደግም አፉን ከፈተ። ተነሣሁ።

"አይደግመውም" አልኩ። "ባለቤቴ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። የሚናገረውን አያውቅም። ድሬሰሩንም፣ ርዕሰ መምህሩንም ሆዱን ነው እያልኩ ያታለልኩት እኔ ነኝ።"

ካድሬው ዞሮ አየኝ። "እብድ ነው ነው የምትይው?"

ዓመት ሙሉ ከበራፌ ሳባርረው የኖርኩት ቃል ነው። "አዎ፣ እብድ ነው" አልኩ።

ወንዳፈረው ገባው መሰለኝ፣ "እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ ምስኪን" እያለ ተንተባተበ። እህተማርያም አማተበች። ገብረሚካኤል ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ፣ ቤት ውስጥ እንደሚያናግረኝ አድርጎ፣ "ሮማን፣ ዛሬ እኮ ደህና ነኝ" አለኝ።

"ይኸውላችሁ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው" አልኩ ለሰዉ።

ካድሬው የብዕሩን ክዳን መልሶ ገጠመ። ባሌም ተቀመጠ።

አልታሰረም። ከማስተማር አነሱት፤ በእኔ ደመወዝ እየተቃመስን ኖርን። ለጨጓራው ደጄን ሲያጨናንቅ የነበረው ጠያቂ ሁሉ ለዚህኛው አልመጣም፤ ተልባውም እርጎውም ቀረ። አንዳንድ ሰው አሁን፣ ምነው ያኔ ዝም ብትዪ ኖሮ ይለኛል። እስቲ እሱ ባል ይኑረውና ካድሬ ፊት ያቁመው። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ዛሬም እነሣለሁ፣ ዛሬም ያንኑ እላለሁ።

ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ እለዋለሁ። አሞኛል ይለኛል። ፊቱ ፈክቶ፣ ጫማውን ራሱ አስሮ በሚነሣበት ቀንም አይኔን እያየ አሞኛል ነው የሚለኝ።